ፍሪዘሩን ለሁለት የከፈልንበት ዓመት

ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ፣ ወቅቱ ሁዳዴ ነበር። የበልጉ ዝናብ የቀረበት ዓመት ነው። ናዝሬት ላይ ከረፋዱ ጀምሮ የቤቱ ቆርቆሮ በሙቀት ይንጣጣል፤ ነፋሱ የመናኸሪያውን አቧራ አንስቶ እስከ ጓዳ ያደርሰዋል። አዳማ የሚለውን ስም በየሰሌዳው እናየው ነበር፤ በአፋችን ግን ገና ናዝሬት ነበረች። በዚያ ሁዳዴ ጎረቤቴን በሐሰት ከስሼ ከቤቷ ላስወጣት ነበር። ምክንያቱ ፍሪዘር ነው።

ይህን ያስታወሰኝ ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት ልጄን ልጠይቅ ሄጄ ፍሪዘሯን ስትከፍት፣ በረዶው የለቀቀው ዓሣ ሽታ ቤቱን ሞላው። ልጄ ክዳኑን እንደያዘች «ማነው የነቀለው?» አለች። ምን ነካው አላለችም። ባሏ ልጆቹን ተመለከተ፤ ልጆቹም እርስ በርስ ተያዩ። ሶኬቱ በቦታው ነበር። ፍሪዘሩን ሳብ ሳደርገው ከጀርባው ያለው የሞተሩ መተንፈሻ በአቧራ ተደፍኗል፤ ግድግዳው ላይም ስለተለጠፈ ሙቀቱ የሚወጣበት አጥቷል። በብሩሽ ጠረግነው፤ ከግድግዳው አንድ ስንዝር አራቅነው፤ በማግስቱ እንደ ወትሮው ቀዘቀዘ። ተመስገን። እነሱ ያንኑ ቀን ረሱት። እኔን ግን ያቺ «ማነው» የምትል ቃል ወደ አዴ ጫልቱ ግቢ መለሰችኝ።

አዴ ጫልቱ አከራያችን ነበሩ። ግቢያቸው ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። ጠዋት «አካም ቡልቴ» ብለው ሰላምታውን በኦሮምኛ ይጀምሩና ነገሩን በአማርኛ ይጨርሱታል። ድምፃቸው ሰፊ ነው፤ በጓዳ የተናገሩት በበር ይሰማል። ስድስት ክፍል ያከራዩ ነበር። የኔ ከውጭው በር አጠገብ ያለው ነው፤ ከሱ ቀጥሎ ከቧንቧው ፊት ለፊት የዘሀራ። አሁን እዚያ ቦታ ላይ ፎቅ ቆሟል፤ ክፍሌ በነበረበት ላይ አንድ ሰው የስልክ ሽፋን ይሸጣል። አንድ ቀን ገብቼ ቆምኩ። «ምን ልስጥዎት እናቴ?» አለኝ። ምንም አልኩትና ወጣሁ።

ባለቤቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። ልጄ ኩየራ እህቴ ዘንድ ትማራለች። የምታስተምራት ቆቃ ነበረች ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ጎህ ሲቀድ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ሐይቁ ወርጄ ከጀልባዎቹ ዓሣ እገዛለሁ። በቄጠማ የተሰካ አምስት ቆሮሶ ዓሣ በአሥር ብር ይሰጡኝ ነበር፤ ተለቅ ካሉ ደግሞ አራት። ዛሬ በዚያ ገንዘብ ጭራውንም አይሰጡኝም። የባለቤቴን ሸሚዝ ከቀሚሴ በላይ እለብሳለሁ፤ እግሬ ላይ የላስቲክ ቦቲ፤ ራሴን በአሮጌ ነጠላ እጠመጥማለሁ። ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። ረዳቱ «የዓሣዋ እመቤት ኋላ ትግባ» ይላል። ኋላ እገባለሁ። እኔ ራሴ በሁዳዴ ዓሣ አልበላም። ዓሣ ይበላል የሚሉ አሉ፣ አይበላም የሚሉ አሉ፤ ላልተከራከርኩበት ነገር መልስ የለኝም። የማኅበራችን ሴቶች «የማትበዪውን ለምን ትሸጫለሽ?» ይሉኝ ነበር። «ልጄ ስለምትበላበት» እላቸዋለሁ። ይህንንም ሐሜት አድርገው ይዘውት ይሄዳሉ።

ዘሀራ በረዶ ትሸጥ ነበር። ወላጆቿ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ እሷ ግን ናዝሬት ተወልዳ ያደገች ናት። ውሃ በፌስታል እየቋጠረች አቀዝቅዛ ለጁስ ቤቶችና መናኸሪያው በር ላይ ለስላሳ ለሚሸጡት ሴቶች ታደርሳለች። አበባ ያለበት ሻሽ ታስራለች፤ እጇ ላይ ትልቅ የወንድ ሰዓት አይጠፋም። ማዕዘኑ ላይ ያለው ካሴት ቤት ቀኑን ሙሉ አንድ ዘፈን ያጫውታል፤ ዘሀራ ግጥሙን ወደ በረዶ ቀይራ ታንጎራጉረዋለች። እናቷ እማማ ሐሊማ አብረዋት ይኖሩ ነበር። ከወገባቸው በታች አይንቀሳቀሱም። አልጋቸው ከኔ ክፍል ጋር በሚያዋስነን ግድግዳ ሥር ነው። ጠዋት ባልዲዬን ይዤ ስወጣ የቦቲዬን ድምፅ ይሰሙና «ገበያሽን ያድምቅልሽ፣ በሰላም ወጥተሽ በሰላም ግቢ» ብለው ከውስጥ ይመርቁኛል። እኔም ቆሜ አሜን እላለሁ። ሳልመረቅ ቆቃ የሄድኩበትን ቀን አላስታውስም። ስለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ።

ፍሪዘሩን ከዘሀራ ጋር ሆነን ነው የገዛነው። የሁለታችንም ዕቁብ በአንድ ሰሞን ወጣልንና ዕቃውን ከሚሸጥ ሆቴል አሮጌ ፍሪዘር አመጣን። ነጭነቱ ወደ ቢጫ የሄደ፣ ረጅም፣ ከላይ በሁለት ክዳን የሚከፈት ነው። በረንዳው ላይ በሁለታችን በር መካከል አቆምነው። ያን ቀን አራት ሰው ሲሸከመው ዘሀራ ከፊት እየሮጠች «ቀስ፣ ቀስ፣ ሙሽራ ነው» ትል ነበር። ስምምነታችን አንድ ነበር፤ ሥጋ አይገባበትም። እሷ የኔን ሥጋ አትበላም፣ እኔም የሷን። ዓሣና በረዶ ግን የማንም ነው። አንድ ዓመት በሰላም ሠራንበት።

በዓመቱ የአረፋ በዓል ሲመጣ ከዘመዶቿ ሥጋ ተላከላት። ሙቀቱን ታውቁታላችሁ፤ ሥጋ በአንድ ቀን ይበላሻል። አፍራ ነው የጠየቀችኝ። «እማ ለስላሳ ሥጋ ነው የምትችለው። አንድ ጥግ ብቻ ላስቀምጥ? ካልወደድሽ ተይው።» አልወደድኩም፤ እምቢ ማለትም አልቻልኩም። «ግድግዳ እናብጅለት» አልኩ። አሳቡ የኔ ነው። እሷ «ለአንድ ጥግ ግድግዳ?» ብላ ነበር። «ድንበሩ ከታወቀ ጠብ የለም» አልኳት። አናጢ ጠርቼ ስስ ጣውላ በልክ አስቆረጥኩ፤ በላስቲክ ጠቅልዬ መሐሉ ላይ አቆምኩት። ከዚያ የማን ወዴት ይሁን ብለን ዕጣ ጣልን። የሞተሩ ጎን ለዘሀራ ወጣላት፤ ከሥሩ ሞተሩ ስላለ ወለሉ ከፍ ያለና ጠባብ ነው። ለኔ ሰፊው ደረሰኝ። ሰፊውን ስለሰጠኝ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ሁዳዴ ሲገባ ግን ያንን ምስጋና መልሼ የወሰድኩት ያህል ነበር።

መጀመሪያ ዓሣዬ ላላ። እንደ ድንጋይ የነበረው በጣት ሲጫኑት ይገባ ጀመር። የዘሀራ በረዶ ግን በመዶሻ የሚሰበር ነበር። አንድ ሞተር፣ አንድ ሶኬት፣ አንድ ቆጣሪ፤ የሷ ድንጋይ፣ የኔ ውሃ። መብራት ደከመ ብዬ አሰብኩ። ታዲያ ለሷ ለምን አልደከመም? የክዳኑን ጎማ በወረቀት ሞከርኩት፤ ወረቀቱን ያዘው። ከጀርባው ጠረግሁ። የቅዝቃዜውን ማዞሪያ ወደ መጨረሻው ቁጥር አደረግሁት። በሁለተኛው ቀን ከቆቃ ስመለስ ዘሀራ ማዞሪያው ላይ ጎንበስ ብላ አገኘኋት። ወደ ታች እየመለሰችው ነበር።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ፌስታሎቼ ግድግዳው ላይ ተጣብቀው አልላቀቅ አሉኝ። ስስባቸው ይቀደዳሉ።»

«የኔ ዓሣ እየሸተተ ያንቺ ፌስታል ያሳዝንሻል?»

«እኔ ምን ላድርግ? ዓሣሽ ከቆቃ እስኪመጣ ግማሽ መንገድ ሸትቶ ነው የሚደርሰው።»

ከዚያ ቀን በኋላ ማዞሪያውን መጨረሻው ላይ አድርጌ በፕላስተር አሰርኩት። ዓሣው አሁንም ላላ። ከገበያው ማዶ አንድ ጠጋኝ አመጣሁ፤ ጋዝ አልቋል ብሎ ጋዝ ሞላ። ዓሣው እንደ ላላ ነው። ተመልሶ መጣና ዘሀራ እየሰማች «ዕቃው ጤነኛ ነው፤ የሚነካካው ሰው ሳይኖር አይቀርም» አለኝ። የማያውቀውን ነገር አላውቅም ከማለት ሰውን መወንጀል ቀለለው። እኔም ከሱ የተሻልኩ አልነበርኩም። ከማኅበራችን አንዷ ደግሞ «ያንቺ ብቻ የሚበሰብሰው ለምን ይመስልሻል? መተት ነው» አለችኝ። አላመንኳትም። ያም ሆኖ በማግስቱ ጠበል አምጥቼ ጣውላው ላይ ረጨሁ። ዘሀራ በሯ ላይ ቆማ አየችኝ። «በኔም በኩል ርጪልኝ፤ በረዶ ሆኖ ይሸጥልኛል» አለች። ጠበሉ ጣውላው ሥር በሷ በኩል ሲረጋ፣ በኔ በኩል ውሃ ሆኖ ቀረ። ይህም ለኔ ማስረጃ ሆነኝ። ቅዝቃዜ በጣውላው ዳር እየሾለከ ወደሷ እንደሚሄድ ወሰንኩ። የአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ቀድጄ ዳር ዳሩን ደፈንኩት፤ በላዩም ፕላስተር ለጠፍኩበት። በተቆጣሁ ቁጥር አጠበቅሁት። ባጠበቅሁት ቁጥር ዓሣዬ ላላ።

ጠብ ከተጀመረ በፍሪዘር አይቆምም። የልብስ ማስጫውን ሽቦ መሐሉ ላይ ቋጥረን ተካፈልነው። ነፋስ የሷን ሻሽ ወደኔ ወገን ሲገፋው በጣቴ ጫፍ መለስኩላት። እኔ ቅርፊት ስልጥ ነፋሱ ወደሷ በር ይወስደዋል፤ ፊቴን ወደ ነፋሱ አዙሬ መሥራት ስችል አላዞርኩም። እሷ የባልዲዋን እጣቢ በኔ ደጃፍ ታሳልፋለች። «በረዶ የምትሸጥ ልቧም በረዶ ነው» እላለሁ ለማንም ሳይሆን። «ዓሣስ የምትሸጥ?» ትላለች እሷም ለማንም ሳይሆን። ጾም ነበር። ከምግብ ጾሜ፣ ከዚህ አልጾምኩም። እማማ ሐሊማ ጠብ መኖሩን እያወቁ ጠዋት ጠዋት ይመርቁኝ ነበር። እኔ አሜን ማለት አቆምኩ። ቦቲዬን አውልቄ በእጄ ይዤ በዝግታ የምወጣበትም ቀን ነበር፤ እንዳይሰሙኝ።

ዘሀራን ዛሬም ገበያ ላይ አገኛታለሁ። እጅ እንነሣሣለን። ስለ ልጄ ትጠይቀኛለች፤ እኔም ስለ ጤናዋ እጠይቃለሁ። እናቷ ባረፉ ጊዜ ለቅሶ ደርሼ ሦስት ቀን ተቀምጫለሁ። ስለ ፍሪዘር አናነሳም። ይቅር ብላኛለች ብዬ ለሰው አልናገርም፤ እሷ ስላላለችኝ።

ከሆሳዕና በፊት ባለው ሳምንት ነገሩ ፈነዳ። ረቡዕና ዓርብ ዓሣ የሚወስድልኝ አንድ ሆቴል ነበር፤ የልጄ ትምህርት በሱ ላይ ነው የቆመው። በዚያ ረቡዕ የሆቴሉ ምግብ አብሳይ ሣጥኑን ከፍቶ አሸተተና ገፋው። «እትዬ፣ ይሄን ለእንግዳ አቅርቤ ልታሰር ነው? ከዛሬ በኋላ አይምጡ» አለኝ። ሣጥኑን ተሸክሜ በዋናው መንገድ ተመለስኩ። ጸሐይዋ አናቴ ላይ ነበረች። የዓሣው ውሃ በአንገቴ ይወርዳል። ግቢ ስገባ ዘሀራ የራሷን ክዳን ከፍታ በረዶዋን እየቆጠረች ታንጎራጉራለች። ሣጥኑን እግሯ ሥር ዘረገፍኩት።

«ይኸው። ቅዝቃዜውን ወደ ራስሽ ስበሽ ስበሽ ልጄን ከትምህርት ቤት አስወጣሽ።»

«ቅዝቃዜ እንደ ብርድ ልብስ ይሳባል እንዴ?»

«አንቺ ታውቂበታለሽ።»

«አንሽው ዓሣሽን። እናቴ ሽታ አትችልም።»

«እናትሽ ልጅ ማሳደግ አያውቁበትም።»

ይህን የተናገርኩት በሚመርቁኝ ሴት ላይ ነው። እማማ ሐሊማ ከግድግዳው ወዲያ ሆነው ሰምተውኛል። ዘሀራ ክዳኗን ዘግታ ገባች።

እኔ ቀጥዬ አዴ ጫልቱ ዘንድ ሄድኩ። ወይ እሷ ትውጣ ወይ እኔ፣ አልኳቸው። አዴ ጫልቱ ኪራይ ቀን ሳላሳልፍ ስለምከፍል ይወዱኝ ነበር። «ምን አድርጋ?» አሉኝ። ማዞሪያውን ስትነካ አይቻታለሁ ብል እውነት ነበር። እውነቱ አነሰብኝ። «ሶኬቱን ስትነቅል በዓይኔ አየኋት» አልኩ። «በዓይንሽ?» አሉ። «በዓይኔ» አልኩ። ነጠላዬን መስቀለኛ ለብሼ፣ ከንፈሬ በጾም ደርቆ፣ ይህን አልኩ። አመኑኝ። የጾመ ሰው አይዋሽም ብለው ነው ያመኑኝ። በዚያው ወጥተው ዘሀራን እስከ ቅዳሜ ክፍሉን እንድትለቅ ነገሯት።

ሐሙስ ዕለት ዘሀራ ቤት ስትፈልግ ዋለች። አልጋ ላይ ያለች እናት አለችኝ ስትል ሁሉም ክፍሉ ተይዟል ይሏታል። ማታ ስትመለስ የጫማዋ አቧራ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ነበር። በመጨረሻ ከከተማው ዳር፣ ቧንቧ የሌለበት፣ በሩ እንኳ ያልተገጠመለት ክፍል አገኘች። የሰማሁት ለሌላ ተከራይ ስትነግር ነው። ለኔ የነገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ፍሪዘሩን ሸጠን እንካፈል። የሚገዛ ሰው ነገ ይመጣል።»

የመጡት ጋሽ ጌታሁን የሚባሉ ጸጉራቸው የነጣ ሰው ናቸው። ብዙ ዓመት ወደብ ላይ የማቀዝቀዣ ኮንቴይነር ሲጠግኑ ኖረው፣ አሁን የተበላሸ ፍሪዘር እየገዙ ያድሳሉ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። አልቸኮሉም። በርጩማ አስመጥተው ከሞተሩ አጠገብ ተቀመጡና ዝም ብለው አዳመጡ። እኛ በሁለት በኩል ቆመናል። ሞተሩ ትንሽ ሠራና ቆመ።

«ብዙ ጊዜ እንዲህ ያርፋል?» አሉ።

«ሲያርፍ ነው የሚውለው» አለች ዘሀራ።

«እንግዲያው አልታመመም። ጋዝ ያነሰው ሞተር ሲለፋ ይውላል እንጂ አያርፍም። ይሄ የሚያርፈው ቀዝቅዣለሁ ብሎ ስላመነ ነው።» ተነስተው ሁለቱንም ክዳን ከፈቱ። አንድ እጃቸውን በኔ በኩል፣ አንዱን በዘሀራ በኩል አስገቡ። «ይሄን ጣውላ ማን አስገባው?»

«እኔ» አልኩ።

«ዳሩን በስፖንጅ የደፈነውስ?»

«እኔ።»

«ፕላስተሩስ?»

«እሱም እኔ ነኝ።»

«ጠበልም ረጭታበታለች፤ እሱን አይርሱ» አለች ዘሀራ።

«ጠበሉን ተዪው፤ ጠበሉ ምንም አላደረገም» አሉ ጋሽ ጌታሁን። ፕላስተሩን ቀስ ብለው ላጡት፤ ስፖንጁን በካቻቪቴ ፈለቀቁት፤ ጣውላውን ነቅለው መሬት ላይ አኖሩት። ከዚያ በዘሀራ በኩል፣ ከሞተሩ በላይ ካለው ግድግዳ ላይ በረዶውን ፍቀው አንዲት ቀጭን ቱቦ አሳዩን፤ ከሽቦ አትወፍርም። «ፍሪዘሩ ቅዝቃዜ የሚዳስሰው በዚች ብቻ ነው» አሉ። «እዚህ ጋ ሲቀዘቅዝ ቤቱ ሁሉ የቀዘቀዘ ይመስለዋል፤ ሞተሩን ያሳርፋል። ወዲያ ማዶ ያለውን አያውቅም። በምን ይወቅ? ግድግዳ ሠርታችሁበታል። አንቺ ደግሞ ዓሣሽን ከነሙቀቱ ታስገቢያለሽ፤ ገዢ በመጣ ቁጥር ትከፍቻለሽ። የሷ ጎን ጠባብ ነው፣ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ያንቺ ሳይደርሰው ሞተሩ ይቆማል።»

በሁለቱ ጫፍ አንዳንድ ኩባያ ውሃ አስቀምጠው ክዳኑን ዘጉ። ሻይ አቀረብኩላቸው፤ ጠጡ፤ ስለ ወደቡ ሙቀት አወሩ። ሞተሩ አሁን ሳያቋርጥ ይሠራ ነበር። ጸሐይ ሳትጠልቅ ሲከፍቱት በሁለቱም ኩባያ ላይ ስስ በረዶ ጋግሯል። የዘሀራ ትንሽ ወፈር ይላል፤ የኔም ግን በረዶ ነበር።

«አልገዛውም» አሉ ጋሽ ጌታሁን። «የተበላሸ ብላችሁ ነው የጠራችሁኝ። ጤነኛውን በተበላሸ ዋጋ ብወስደው ኃጢአት ነው።» ለድካማቸው የሰጠናቸውንም ግማሹን መለሱ። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ብሎ ይወስደው ነበር፤ እኔም እስከ ዛሬ ዘሀራን እንደ ረገምኩ እኖር ነበር። ስማቸውን በጸሎቴ እጠራለሁ።

እሳቸው እንደወጡ ዘሀራ ጣውላውን በእግሯ ገፋ አደረገችው። «ለካ እውነትም ስቤዋለሁ» አለች። አልሳቀችም። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ለአዴ ጫልቱ ሶኬቱን ነቀለች ማለትሽን ነግረውኛል። ነቅያለሁ?»

«አልነቀልሽም።»

«አይተሽኛል?»

«አላየሁሽም።»

«እሺ» አለች። «ነገ ጠዋት ጋሪ መጥቶ እናቴን ይወስዳታል።» ገብታ በሯን ዘጋች። ይቅርታ በይኝ ብላ ብትቆም እል ነበር። አልቆመችም። የመቆም ዕዳ የለባትም።

በዚያ ማታ ለስግደት ቆምኩ። ጉልበቴ እሺ አለኝ፤ አፌ እምቢ አለኝ። ከግድግዳው ወዲያ እማማ ሐሊማ «ዕቃውን ሁሉ ቋጠርሽው?» ሲሉ ይሰማኛል። ዘሀራ «ብርድ ልብስሽ ብቻ ነው የቀረው» ትላቸዋለች።

ጠዋት ቆቃ አልሄድኩም። አዴ ጫልቱ ለዶሮዎቻቸው እህል ሲበትኑ ደረስኩባቸው። ሳልቀመጥ «ዋሽቻለሁ» አልኳቸው።

«ምኑን?»

«ሶኬቱን። ስትነቅል አላየኋትም። አልነቀለችም።»

እህሉን መበተን አቆሙ። «አንቺ? ጾመኛዋ? በአንቺ ቃል እኮ ነው በሽተኛ የማስወጣው።»

«አዎ። ይተዉአት፤ ትኑር።»

«አሁን ነው የምትነግሪኝ? ክፍሉን ትናንት ለሰው ሰጥቻለሁ። እጅ ለእጅ ተመታትተን፣ ቃል ገብቼ፣ ዛሬ ስድስት ሰዓት ዕቃውን ይዞ ይገባል። በአንቺ ውሸት ቃሌን ልጠፍ? ስድስት ክፍል ነው ያለኝ። ሰባተኛ ከየት አመጣለሁ?»

«የኔን ይስጡት» አልኩ።

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ያለወትሯቸው ድምፃቸው ዝቅ ይላል ብዬ ነበር፤ ዝቅ አላለም። «የት ልትገቢ?»

«አላውቅም።»

«ሂጂ እንግዲህ። ስድስት ሰዓት ሳይሆን ጠርገሽ ልቀቂልኝ።» ግቢው ሁሉ ሰምቷል። ፊታቸውን ወደ ዶሮዎቹ መለሱ።

ስመለስ ጋሪው ከውጭው በር ቆሞ ነበር። ባለጋሪው ጅራፉን በብብቱ ይዞ «የቱ ክፍል ነው የሚጫነው?» አለ። ዘሀራ ትልቅ ጥቅልል ይዛ በሯ ላይ ቆማለች። ባለጋሪው ወደሷ ሊሄድ ሲል የኔን በር አሳየሁት። «ይኸኛው ነው» አልኩት። ዘሀራ ጥቅልሉን አላስቀመጠችም። እማማ ሐሊማ ከውስጥ «ዘሀራ፣ ጋሪው መጣልን?» አሉ። ዘሀራ የኔን በር እያየች «ለኛ አይደለም እማ» አለቻቸው።

እኔ ገብቼ አልጋዬን መፍታት ጀመርኩ።